ሳታነቢልኝ እንዳትሰጪ

እትዬ ውድነሽ ማረፋቸውን የሰማሁት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቢሮ ቁጭ ብዬ ለአንድ ሠራተኛ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ስጽፍ ነው። ስልኬ ላይ የማላውቀው ቁጥር መጣ። አነሳሁት።

«መሲ? ትዕግስት ነኝ። የካዛንቺሷ።»

ሌላ ምልክት አላስፈለገኝም። ትዕግስት ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የተቀመጠች ጓደኛዬ ነበረች። ድምጿን ከሰማሁ ግን ሃያ ዓመት አልፎኛል። ሰላምታችንን እንኳ በወጉ ሳንጨርስ፣ «እትዬ ውድነሽ አረፉ» አለችኝ። «ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ኡራኤል ነው። የሕይወት ታሪካቸውን አንቺ ጻፊ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን ይጻፍ? የእድሩ ዳኛ ባምቢስ አካባቢ ካለ ኮምፒውተር ቤት አሠራለሁ እያሉ ነው። የእሳቸው ታሪክ ኮምፒውተር ቤት ተሠርቶ ይነበብ? በናትሽ መሲ።»

«ቲጂ፣ እኔ እኮ መጻፍ ከተውኩ ስንት ዓመቴ፣ ማለቴ…»

«አውቃለሁ» አለችና ዘጋችው።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ኮምፒውተሬ ላይ እንደተከፈተ ነበር። «በተደጋጋሚ በቃል ቢነገርዎትም ሊታረሙ ባለመቻልዎ» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ሰው ላይ እንደጻፍኩት እኔም አላውቅም፤ ስሙን ብቻ እየቀየርኩ እልከዋለሁ። እትዬ ውድነሽ ቢያዩት ምን ይሉ እንደነበር ግን በደንብ አውቃለሁ።

እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ጥሩምባ የሚያስነፋውም፣ ድንኳን የሚተክለውም፣ ወንበርና ብርጭቆ የሚያመጣውም እድሩ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ሬሳው ከመቀበሩ በፊት የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚጽፉት ግን እትዬ ውድነሽ ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም፤ ማንም አልከፈላቸውም። ሠላሳ ዓመት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆነው ጡረታ ወጥተው፣ ከእኛ ግቢ ጫፍ አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አላገቡም፤ አልወለዱም። «ሠላሳ ዓመት አለቆች የተናገሩትን ስመታ ኖርኩ» ይሉ ነበር እየሳቁ። «የራሴን ቃል የምጽፈው ሰው ሲሞት ብቻ ሆነ።»

ረጅምና ቀጭን ነበሩ። ቡኒ ሹራባቸውን በጋም ሆነ ክረምት አያወልቁም። ሰው ሲያወራቸው ዓይናቸው ሰውዬው ላይ ይሆንና ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ይጽፋሉ። አሥሩም ጣት ነው የሚንቀሳቀሰው። መስመሩ ሲያልቅ ግራ እጃቸው የታይፕ መኪና ወደ አዲስ መስመር እንደሚመልስ ሰው ሳያውቁት ወደ ጎን ይገፋል። እኛ ልጆች መጀመሪያ እንስቅ ነበር፤ በኋላ አንድ ነገር ደረስንበት። የምንነግራቸው ነገር ውሸት ከሆነ፣ ወይም ከሰው ሰምተን የምንደግመው ወሬ ከሆነ፣ ጣቶቹ ይቆማሉ። ያኔ እኛም ዝም እንል ነበር።

አሠራራቸው የራሳቸው ነበር። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ከቤተሰቡ ጋር አይቀመጡም። ሽንኩርት ከሚልጡት ሴቶች ጋር ነው የሚቀመጡት። ከዚያ ወደ ሱቁ፣ ከዚያ ሟች ጫማ ያሳድስ ወደነበረበት ሊስትሮ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከሟች ጋር የተኳረፈ ሰው ካለ እሱ ዘንድ ይሄዳሉ። ይህን አይዘሉም። «ወዳጁ ያሞግሰዋል፣ ያኮረፈው ሰው ግን ልቅም አድርጎ ያስታውሰዋል» ይሉ ነበር። የትውልድ ዘመኑን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የሠራበትን መሥሪያ ቤት መጨረሻ ላይ ነው የሚጠይቁት፤ እሱንም ከመታወቂያው ላይ ነው የሚገለብጡት።

«ሰው አክባሪ» የሚለውን ቃል አይወዱም ነበር። «እስከ ዛሬ ስንት ሬሳ ሸኘሁ» ይሉ ነበር፤ «ሰው አክባሪ ያልሆነ ሬሳ አጋጥሞኝ አያውቅም። እነዚያ ሰው የማያከብሩት የት ሄደው ነው የሚሞቱት?»

እኔ ዘንድ የመጡት ዓይናቸው ላይ ሞራ መውጣት ሲጀምር ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው ይባላል። እናቴን «ልጅሽን ለአንድ ሰዓት አውሺኝ» ብለው ለመኗት፤ እሷም ከእግሯ ሥር ብጠፋላት ደስ ስለሚላት ፈቀደች። የዚያን ቀን የሞቱት ጋሽ በላቸው ነበሩ። ጋሽ በላቸው ቄራ ይሠሩ የነበሩ፣ ከግቢው ሰው ሁሉ ጋር የተጣሉ ሰውዬ ናቸው። ስለ እሳቸው ደግ ነገር የሚናገር ሰው ጠፍቶ፣ እትዬ ውድነሽ ሽንኩርት ላጮቹ ጋ ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል።

«አንቺስ ምን ታውቂባቸዋለሽ?» አሉኝ።

«ኳሳችን እሳቸው በር ላይ ከወደቀ በቢላ ይቀዱታል።»

«እሱን አገር ያውቀዋል። ሌላስ?»

አሰብኩ። «ዝናብ ሲመጣ ልብስ ያነሳሉ።»

«የማንን ልብስ?»

«የሁሉንም። ከገመዱ ላይ። እየተሳደቡ።»

ጣቶቻቸው ተንቀሳቀሱ። «ምን እያሉ ነው የሚሳደቡት?»

««የዚህ ግቢ ሴቶች፣ ዓይናችሁ ሰማይ አያይም ወይ» እያሉ። ከዚያ አጥፈው በየበሩ ያስቀምጡታል። የውስጥ ልብስ ካለ ግን አይነኩም፤ እኔን ነው የሚጠሩኝ።»

እትዬ ውድነሽ ሲስቁ እንባቸው መጣ። «ጻፊው» አሉኝ። «የውስጥ ልብሱን ተይውና ሌላውን ልክ እንደነገርሽኝ ጻፊው።»

ጽፌ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። በየመስመሩ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ነበር የሚጠይቁኝ፦ «ይሄ ለሌላ ሰው ይሆናል?» ይሆናል ካልኩ፣ «ሰርዢው» ይላሉ። ከአንድ ገጽ ስድስት መስመር ቀረ።

በማግስቱ የእድሩ ዳኛ ያንን ወረቀት ሲያነቡ እናቴን ቀሚሷን ይዤ ቆሜ ነበር። ልብስ ማንሳቱ ጋ ሲደርሱ ሴቶቹ ፈገግ አሉ፤ አንዷ ጭራሽ ሳቀች። ከዚያ ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ ማልቀስ ጀመሩ። ስለ ጋሽ በላቸው አንዲት ደግ ቃል ያልወጣቸው ሴቶች ናቸው። ከቀብሩ በሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ ድንገት ዝናብ ጣለና የግቢው ልብስ በሙሉ ራሰ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ገመዱን እያየች፣ «አይ ጋሽ በላቸው» አለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ሰማኋት። ሰው ያልነበረውን ናፍቆት በስድስት መስመር ማምጣት እንደሚቻል ያን ቀን ገባኝ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ጨዋታ አላማረኝም።

ሦስት ዓመት አብረን ሠራን። ትምህርት ቤት ድርሰት ሲታዘዝ መምህራችን ደብተሬን ለክፍሉ ያነብ ጀመር። ትዕግስት አጠገቤ ሆና በክርኗ ትነካኝ ነበር፤ ከእኔ በላይ የምትኮራው እሷ ናት። እትዬ ውድነሽ ዘንድ ግን ሙገሳ የለም። ሕጉ አንድ ነበር፦ ጽፌ ስጨርስ ሳላነብላቸው ለማንም መስጠት አልችልም። ዓይናቸው ስለደከመ ይመስለኝ ነበር። «ሳታነቢልኝ እንዳትሰጪ» ይሉኛል ሁልጊዜ፣ ቤቴን ቆልፊ እንደማለት አቅልለው። እኔም የታይፒስት አመል ነው ብዬ ተውኩት።

የትዕግስት እናት እትዬ ዘነበች የሞቱት እኔ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ነው። እትዬ ዘነበች ትንሽ ሻይ ቤት ነበረቻቸው፤ ባል የላቸውም፤ ያላቸው ትዕግስት ብቻ ናት። እትዬ ውድነሽ በዚያ ሳምንት ብርድ መትቷቸው አልጋ ላይ ነበሩ። «ለቅሶ ቤት አንቺው ሂጂ» አሉኝ። «ሰዉን አናግሪ፣ ጻፊ፣ አምጪና አንብቢልኝ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ወጣሁ። ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ሽንኩርት ላጮቹ መሃል ተቀመጥኩ። አንዲት ጎረቤት እንባዋን በክንዷ እየጠረገች፣ ለእኔ ሳይሆን ለጓደኛዋ፣ «ዘነበች እኮ እናቷ አይደለችም፤ ትዕግስት የወንድሟ ልጅ ናት» አለች። ሌላዋ «በስድስት ወሯ ነው በነጠላ ጠቅልላ ያመጣቻት» ብላ ጨመረች። ትልልቆቹ ሁሉ ያውቃሉ። በሰፈሩ የማታውቀው አንዲት ሰው ነበረች። እኔ ግን ትዕግስት ታውቅ ይሆን ወይ ብዬ ለአፍታም አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ ዓረፍተ ነገሩ ነው። ወዲያው እዚያው ጉልበቴ ላይ ጻፍኩት፦ «እትዬ ዘነበች ሳይወልዱ እናት ሆኑ፤ የሟች ወንድማቸውን የስድስት ወር ልጅ በነጠላቸው ጠቅልለው አምጥተው፣ እናት እንደሌላት አንድም ቀን ሳይሰማት አሳደጓት።» ለሌላ ሰው አይሆንም። ጠየቅኩ፣ ለራሴም መለስኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከጻፍኩት ሁሉ የበለጠ አማረብኝ።

እትዬ ውድነሽ ጋ መመለስ ነበረብኝ። ዳኛው ግን ድንኳኑ በር ላይ ቆመው፣ «ጨረስሽ? ሰዓት ደርሷል» አሉኝ። መመለስ አልችልም ነበር ወይ? እችል ነበር፤ ቤቱ አምስት ደቂቃ አይርቅም። ያኔ ግን ጽሑፌ ሲነበብ ሴቶቹ ሲያለቅሱ ለማየት ቸኩዬ ነበር። ሰጠኋቸው።

ያ መስመር ሲነበብ ሴቶቹ አላለቀሱም። አንገታቸውን ደፉ። ትዕግስት ግን ከጠዋት ጀምሮ ድምጿ እስኪዘጋ ስታለቅስ ቆይታ፣ በዚያች ቅጽበት ማልቀሷን አቆመች። ዞር ብላ የያዟትን ሴቶች አንድ በአንድ አየቻቸው። «ምን ነው ያሉት?» አለች። ያን መልኳን እስከ ዛሬ ድረስ አልረሳሁትም፤ እስክሞትም የምረሳው አይመስለኝም።

ማምሻውን ዳኛውና ሁለት ሽማግሌዎች እትዬ ውድነሽ ቤት መጡ። እኔ አልጋቸው እግር ሥር ቆሜ ነበር፤ ከእነሱ ቀድሜ ሮጬ መጥቼ ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ። ዳኛው፣ «ውድነሽ፣ ይሄን ማን ጻፈው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ውድነሽ።

«ልጅቷ አይደለችም የሰጠችኝ?»

«እሷ እጇን ነው ያዋሰችኝ። ቃሉ የእኔ ነው።»

«አንቺ ነሽ ይሄን የሠራሽው? በዚህ ዕድሜሽ?»

«አዎ። ምን ላድርግ፣ ሠራሁት።»

ሰዎቹ ወጡ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ነገ ለትዕግስት እነግራታለሁ አልኩ። እትዬ ውድነሽ እጄን ያዙኝ፤ በትኩሳት የጋለ እጅ ነበር። «አትነግሪያትም» አሉኝ። «ዛሬ እናቷን ሁለቴ አጥታለች። ጓደኛዋንም አትጣ። እኔን ትጥላኝ፣ እኔ እችለዋለሁ።» እጄን ሳይለቁም፣ «ስታነቢልኝ ዓይኔን የምጨፍነው ለምን ይመስልሻል? ቀብሩ ላይ የሚቆመውን ሰው አንድ በአንድ ላየው ነው። ማን ይከፋዋል እያልኩ» አሉ። ሕጉ የገባኝ ያኔ ነው። ምን ዋጋ አለው።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ እትዬ ውድነሽን አስጽፎ አያውቅም። ለቅሶ ሲኖር ሄደው ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፤ የሚያናግራቸው የለም። የሕይወት ታሪኩ ኮምፒውተር ቤት መሠራት ጀመረ። አንድ ፋይል አለ፤ ስም እየተቀየረ ይታተማል። አንድ ጊዜ ለአንዲት ባልቴት «ለአቅመ አዳም ሲደርሱ ሕጋዊ ጋብቻ ፈጽመው» ተብሎ ተነቧል። ሰው ሁሉ ሰማ፤ ማንም ምንም አላለም።

እኔስ ምን አደረግኩ? እትዬ ውድነሽ ጓደኛዬን ሊያስቀሩልኝ ስማቸውን ሰጡ፤ እኔ ደግሞ ትዕግስትን ዓይኗን ማየት አቅቶኝ ዴስክ ቀየርኩ። እሳቸው ዘንድም መሄድ ተውኩ። መጀመሪያ በሌላ መንገድ መዞር ጀመርኩ፣ ቀጥሎ ፈተና አለብኝ አልኩ፣ ከዚያ ኮሌጅ ገባሁ። የድርሰት ደብተሮቼን እናቴ ለሱቅ መጠቅለያ ስትሰጥ ዝም አልኩ። ቆይቶ ደብዳቤ የሚጻፍበት ሥራ አገኘሁ። ለሁሉም ሰው ልክ የሚሆን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ማንንም አይጎዳም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እሱም ቢሆን ውሸት ነው፤ ያስፈራኝ ወረቀት ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው የገዛ እናቴ ቀብር ላይ ነው። የእናቴን ታሪክ ኮምፒውተር ቤት አሠራሁት። አዎ፣ እኔ። «ታታሪ፣ ሩህሩህና ሰው አክባሪ» ተባለላት። ሰው ሲበተን እትዬ ውድነሽ ግድግዳ ይዘው መጡ፤ ዓይናቸው ጥላ ብቻ ነበር የሚያየው። እጄን ዳብሰው ያዙና፣ «እናትሽ እኮ ሬዲዮ ላይ ዜና ሲነበብ ለአንባቢው መልስ ትሰጥ ነበር» አሉኝ። «ውሸትህን ነው ትለው ነበር። እሱን እንኳ አልጻፍሽላትም?» መልሴን ሳይጠብቁ ግድግዳውን ይዘው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ለመንገድ ተነሳ፤ ሰዉም በየአቅጣጫው ተበተነ፤ የት እንደደረሱ አልጠየቅኩም። የእድር መዋጮዬን ብቻ በስልክ እከፍላለሁ፤ ትዕግስትም ቁጥሬን ያገኘችው ከዚያው መዝገብ ነው።

አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅኩት። «ምንሽ ናቸው?» አለኝ። ዘመድ አይደሉም፤ ጎረቤት ማለት ደግሞ አፌ እምቢ አለኝ። «መጻፍ ያስተማሩኝ ናቸው» አልኩት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን አየት አደረገና ሂጂ አለኝ።

ኡራኤል አጠገብ አንድ ካፌ ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩና ወረቀት አወጣሁ። እጄ ሳላዘው «ወይዘሮ ውድነሽ ሰው አክባሪ» ብሎ ጻፈ። አፈርኩ። ሰረዝኩት። ሁለተኛ ሞከርኩ፤ እሱንም ሰረዝኩት። ማኪያቶው ቀዘቀዘ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ስለ መጨረሻ ዓመቶቻቸው ምንም እንደማላውቅ ገባኝ፤ ያኮረፈቻቸውን ሰው ደግሞ ገና አላናገርኩም። ደወልኩላት።

ትዕግስት ከሬሳው ጋር አውቶቡስ ውስጥ ነበረች። «ስለ እሳቸው ንገሪኝ» አልኳት።

«ምን ልንገርሽ… ኮንዶሚኒየም ሲሰጠን እጣው አንድ ብሎክ ላይ ጣለን። እኔ ሁለተኛ፣ እሳቸው አራተኛ ፎቅ። ሁለት ወር ሰላም አላልኳቸውም። አንድ ቀን ጀሪካን ይዘው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። አልፌያቸው ወጣሁ እኮ። በኮቴዬ አወቁኝ መሰለኝ፣ «ሂጂ የኔ ልጅ፣ አልተቀየምኩም» አሉኝ። በቃ፣ ተመልሼ ጀሪካኑን ተቀበልኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አብረን ሆንን። ዓይናቸው ጨርሶ ሲጠፋ አነብላቸው ነበር። ጋዜጣ፣ የመብራት ቢል፣ የመድኃኒት ወረቀት ሳይቀር። ሳነብ ጣታቸው አንሶላው ላይ ይሄዳል። የመድኃኒት ወረቀት ሲሆን ይቆማል» አለች፤ ስትስቅ ተሰማኝ።

«ቲጂ… ስለዚያ ነገር ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?»

የአውቶቡሱ ሞተር ይሰማል። «አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ይቅር በይኝ» አሉኝ። ይቅር ብያለሁ አልኳቸው።» ከዚያ፣ «ልንደርስ ነው፤ ጨርሺ» ብላ ዘጋችው።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ሳልሰርዝ ጻፍኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ደረስኩ። የመጣው ሰው ሃያ አይሞላም። ከአውቶቡስ የወረዱት አሮጌ ጎረቤቶቻችን አርጅተው ነበር፤ አንዳንዶቹን ያወቅኳቸው በአረማመዳቸው ነው። ሳጥኑ ተቀምጧል። ከአጠገቡ ነጠላዋን አጣፍታ የቆመችው ትዕግስት ብቻ ናት። ፀጉሯ ሸብቷል። ተቃቀፍን።

ዳኛው እጃቸውን ዘረጉ፤ ያው የድሮው ሰውዬ ናቸው፣ አሁን በምርኩዝ። «አምጪው፣ ቄሶቹ እየጠበቁ ነው።»

«አንድ ጊዜ ይታገሱኝ» አልኳቸው። «ሳላነብላቸው አልሰጥም።»

ምን እንዳልኩ አልገባቸውም። እኔ ግን ወደ ሳጥኑ ተጠግቼ ጎንበስ አልኩና ለእትዬ ውድነሽ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ማንበብ ጀመርኩ። ጉልበታቸው ላይ ይጽፉ እንደነበር፣ ሰው አክባሪ ያልሆነ ሬሳ እንዳላጋጠማቸው፣ የጋሽ በላቸውን ልብስ ማንሳት ሲሰሙ እስኪያለቅሱ እንደሳቁ። እያነበብኩ ዓይኔን ጨፈን እያደረግኩ ቀብሩ ላይ የቆመውን ሰው አንድ በአንድ አየሁ። ትዕግስት አጠገቤ ሆና እንደምትሰማ አውቃለሁ። መጨረሻው መስመር ጋ ደረስኩ።

«አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳታነብላቸው የሰጠችውን ወረቀት፣ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ብለው ጥፋቷን ወሰዱላት፤ በዚህ የተነሳ ብቻቸውን ቀሩ፤ እስኪያርፉ ድረስም ቃላቸውን አልለወጡም። ያቺ ልጅ ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ።»

ቀና ማለት ፈራሁ።

«አውቅ ነበር» አለች ትዕግስት። «ያኔ የእናቴን ወረቀት ዳኛው ለቤተሰብ ነው ብለው ሰጥተውኝ ነበር። ስምንት ዓመት አጠገብሽ ተቀምጬ ዓረፍተ ነገርሽን አላውቀውም? እስክትነግሪኝ ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ በቃ፣ ጊዜው ሄደ።»

«ለእሳቸውስ? እንደምታውቂ ነግረሻቸዋል?»

ራሷን ነቀነቀች። «እንዳመንኳቸው መሰልኩላቸው። ስንት ዓመት የተሸከሙትን ነገር እንዴት ብዬ ከእጃቸው ልውሰድባቸው?»

ማልቀስ የጀመርነው ያኔ ነው፤ ሁለታችንም፣ ሳጥኑን ይዘን። ወረቀቱን እያሳየኋት፣ «መስመሩ ይከፋሻል? ልሰርዘው?» አልኳት።

እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ለሌላ ሰው ይሆናል?»

«አይሆንም።»

«እንግዲያው ተይው።»

ወረቀቱን ለዳኛው ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ማንበብ ጀመሩ። ሃያ የማይሞላ ሰው ነው፤ ጋሽ በላቸው ጋ ሲደርሱ ግን ከኋላ አንዲት አሮጊት ስትስቅ ሰማሁ። መጨረሻው መስመር ጋ ዳኛው ቆሙ። ለራሳቸው ደግመው አነበቡት፤ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

እንደ ልማዱ ወረቀቱን አጥፈው ወደ ሰዉ ዘረጉና፣ «ለቤተሰብ ይሰጥልኝ» አሉ። ካሉ በኋላ ነው ያስታወሱት መሰለኝ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። እትዬ ውድነሽ ቤተሰብ አልነበራቸውም።

ትዕግስት ከአጠገቤ ራመድ ብላ ሄደችና፣ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው።